አንድ አሥራ ስድስተኛ

ክፍልፋይ ከማስተምረው ሁሉ የምፈራው ነበር። መደመርና መቀነስን ልጆች ከገበያና ከሱቅ ይዘውት ይመጣሉ። ክፍልፋይ ላይ ሲደርሱ ግን ያመኑት ቁጥር ይከዳቸዋል። ስምንት ከአራት ይበልጣል ብለን ሁለት ዓመት ስናስተምራቸው ቆይተን፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ድንገት አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ያንሳል እንላቸዋለን። በዚያች ሰዓት ፊታቸው የተታለለ ሰው ፊት ይመስላል።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። የከሰዓት ፈረቃ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጆች ነበሩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሙቀቱ አናታችን ላይ ይወርዳል። መስኮት ስንከፍት ነፋሱ አቧራውን ይዞ ይገባል፤ ስንዘጋ እንታፈናለን። ከልጆቹ አንዷ የራሴ ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት «ቲቸር» ትለኛለች፤ ቤት «እማዬ»። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

በሌላም ነገር ተሳስታ አታውቅም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ እሑድ ከሰዓት የምንሰበሰበው አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ቤት ነበር። ሴቶቹ ቀሚስ ሊለኩ፣ ወንዶቹ ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ መስለው አንድ አንድ እያሉ ይገባሉ። በሹክሹክታ ስንዘምር አንዳችን የልብስ ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ ያለ ክር ፔዳሉን ይረግጣል፤ ከውጭ የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው። ልጆቻችን ሁለት ትእዛዝ ነበራቸው። የእሑድን ነገር ለማንም አትናገሩ። ብትጠየቁም አትዋሹ። ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደሚፈጽሟቸው እኛ አዋቂዎቹም አናውቅም ነበር።

ሞጆ ላይ እንደኛው የሚሰበሰቡ ሰዎች ተይዘው ታስረዋል። የቤቱ ባለቤት ቤቷን ተነጥቃለች። እኛም ብንያዝ የሚጠብቀን ይኸው ነው። ከሁላችንም በላይ የሚያጡት ልብስ ሰፊዋ ነበሩ፤ ቤታቸውም፣ እንጀራቸውም፣ መሰብሰቢያችንም አንድ ክፍል ናቸው።

የዚያን ሳምንት ጥፋት የጀመርኩት እኔ ነኝ። እሑድ የጌታ እራት ነበር። ልብስ ሰፊዋ የተሰበሰብነውን በዓይናቸው ቆጥረው አንዱን ክብ ዳቦ በሰዉ ልክ ቆረሱት። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ትቁነጠነጣለች። ዝም እንድትል ብዬ ጆሮዋ ላይ፣

«ቁራሹን ቁጠሪው» አልኳት።

በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። «አሥራ ስድስት።»

«ስለዚህ አንዱ ቁራሽ ምን ይባላል?»

አሰበች። «አንድ አሥራ ስድስተኛ» አለች፤ ዓይኗ በራ።

ደስ አለኝ። ሐሙስ ለክፍሉ የምጀምረውን ትምህርት ልጄ እሑድ ተረዳችው ብዬ ደስ አለኝ። የጌታን ማዕድ የማስተማሪያ መርጃ እንዳደረግሁት ያን ጊዜ አልታየኝም።

ሐሙስ ቤት የጋገርኳትን ክብ ዳቦ በፎጣ ጠቅልዬ ክፍል ገባሁ። ትምህርቱ ሳይጀመር በሩ ተንኳኳና ሱፐርቫይዘሩ ገባ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። በዕድሜ ታናሼ ነበር፤ ካኪ ኮትና ሱሪ ይለብሳል፤ በካድሬነቱ መምህራኑ ሁሉ ይፈሩታል። ልጆቹ ተነስተው ቆሙ።

«ይቀጥሉ፣ ጓድ መምህርት። እኔ እዚህ የለሁም» አለና ከኋላ ወንበር ላይ ማስታወሻውን ከፍቶ ተቀመጠ።

ዳቦዋን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ክፍሉ ጸጥ አለ። የዳቦ ወረፋ ረጅም የነበረበት ጊዜ ነው። ስልሳ ጥንድ ዓይን ቢላዬን ይከተላል። ለሁለት ቆረጥኳት። ግማሽ አልን። አንዱን ግማሽ እንደገና ለሁለት ቆረጥኩ። ሩብ አልን፤ አንድ አራተኛ አልን። ከዚያ ጠየቅኩ።

«ከግማሽና ከሩብ የቱ ይበልጣል?»

«ሩብ!» አሉ ባንድ ድምፅ።

«ለምን?»

ፊት የተቀመጠው ልጅ፣ «አራት ከሁለት ይበልጣላ፣ ቲቸር!» አለ፤ እንዴት ይህን አታውቂም በሚል ድምፅ።

«ና እንግዲህ። አንዱን ውሰድ፤ የፈለግኸውን።»

መጣ። ሩቡን አየ፣ ግማሹን አየ። እንደገና ሩቡን አየ። እጁን ዘርግቶ ግማሹን አነሳ።

«ሆዳም!» ብሎ ክፍሉ ሳቀ። «ሩብ ይበልጣል ብለህ የለ እንዴ!»

«ሆዴ ነው ያነሳው» አለ።

ሱፐርቫይዘሩ ሲስቅ አየሁ፤ ትንሽ ተነፈስኩ። አንድ ሦስተኛን ከክፍሉ ውስጥ ፈልጋችሁ አምጡልኝ አልኳቸው። አንዷ፣ «ከሦስቱ መስኮቶች አንዱ ተሰብሯል» አለች። ጥሩ ነው አልኳት። ሌላው ከሰሌዳው በላይ ወደተሰቀሉት የሦስት መሪዎች ሥዕሎች ጠቆመ።

«ቲቸር፣ ከጢማሞቹ አንድ ሦስተኛው መላጣ ነው!»

ማንም አልሳቀም። ሱፐርቫይዘሩ ቀና ብሎ ሥዕሎቹን አየ፤ እንደሚቆጥር ሰው አንድ በአንድ አያቸው።

«ሒሳቡ ትክክል ነው» አለ። «አክብሮቱ ግን ጎድሏል። ተቀመጥ።»

ከዚያ ራሱ ተነሳና ወደ ሰሌዳው መጣ። «አሁን ዳቦ ሳታዩ መልሱልኝ። ከአንድ አራተኛና ከአንድ ስምንተኛ የቱ ይበልጣል?»

«አንድ ስምንተኛ!»

ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ የአንዲት ልጅ እጅ ተነሳ። የልጄ ነው። እኔን ለማዳን እንዳነሳችው አውቃለሁ።

«አንድ አራተኛ ይበልጣል» አለች ቆማ። «ሰው ሲበዛ ቁራሹ ያንሳል። እሑድ አንዱ ዳቦ ለአሥራ ስድስት ሲቆረስ፣ አንድ አሥራ ስድስተኛው ጥፍሬን ነበር የሚያክለው።»

ከአጠገቧ ያለችው የጎረቤታችን ልጅ ዘላ ተነሳች። «ውሸቷን ነው፣ ቲቸር! እነሱ ቤት ሁለት ብቻ ናቸው! አባቷ እንኳ አሰብ ሄዷል!»

እውነቷን ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ሳምንት አሰብ መንገድ ላይ ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ጠመኔውን አንስቶ አንድ አራተኛንና አንድ አሥራ ስድስተኛን ጎን ለጎን ጻፈ። መሐላቸውን ለመብለጥና ለማነስ ምልክት ክፍት ተወው። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረ።

«አሥራ ስድስት ሰው! ትልቅ ግብዣ ነው። የማን ቤት ነው?»

ልጄ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሁለቱን ትእዛዛት ባንድ ላይ ስትፈልጋቸው ከፊቷ አነበብኩ። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ስህተት ነው» አልኩ። «ተቀመጪ።»

«ስህተት?» አለ ሱፐርቫይዘሩ። ሰሌዳውን አየ፤ እኔን አየ። ደወሉ ተደወለ።

ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ያለውን ወደ ደብተራቸው እየገለበጡ መሐል ላይ ምልክቱን ሲሞሉ አየኋቸው። ግማሹን ዳቦ ያነሳው ልጅ፣ «አላልኳችሁም? አሥራ ስድስተኛው ነው የሚበልጠው! ቲቸር እሷን ስህተት ነው ብላታለች» ይላል። ላርማቸው ይገባ ነበር። አላረምኳቸውም።

ሱፐርቫይዘሩ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «የሚመጣው ሐሙስ ተመልሼ ክፍልፋዩ የት እንደደረሰ አያለሁ። ያችንም ልጅ እሰማታለሁ» አለና ሄደ።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ እጄን አልያዘችም። አስፋልቱን ተሻግረን፣ የጋሪዎቹን መቆሚያ አልፈን፣ በራችን ላይ ስንደርስ ነው የተናገረችው።

«እማዬ፣ ስህተቴ የቱ ጋ ነው?»

«የእሑድን ነገር ለምን አወራሽ?»

«እሑድን አላወራሁም» አለች። «ክፍልፋይ ነው ያወራሁት።»

ክንዷን ቆነጠጥኳት። አላለቀሰችም፤ ክንዷን እያሸች ገባች።

ዓርብ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። የአርሲ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው መሐል ኦሮምኛ ይገባል። አንገታቸው ላይ ሜትር አንጠልጥለው የሰው ኮት ይፈታሉ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ምነው ፊትሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸውን ከኮቱ ላይ ሳያነሱ ሰሙኝ። የምፈራው የእሳቸውን ፍርሃት ነበር።

«ሂን ሶዳቲን፤ አትፍሪ» አሉኝ። «አሥራ ስድስት ከበዛ አራት አራት እንሁን። አራት ሰው ቡና ሊጠጣ ነው ቢባል ማን ይከለክላል? በአራት ቤት ይሁን። ዛሬውኑ እየዞርኩ እነግራቸዋለሁ። ልብስ ደረሰ ብዬ ነው የምዞረው።»

«እትዬ፣ ሐሙስ ከመጣስ? ልጅቷን ከጠየቃትስ?»

«ልጅቷ ምን አጠፋች?»

«ምንም።»

«የመለሰችው ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«አንቺ ስህተት ነው አልሻት።»

ወለሉ ላይ የወደቀውን ብጥስጣሽ ክር ማንሳት ጀመርኩ።

«ለእኔ ብለሽ ነው» አሉ፤ የኮቱን ክር በጥርሳቸው በጠሱ። «ገለቶሚ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኔ በዚህ ቤት ምክንያት ስልሳ ልጅ ተሳስቶ እንዲያድግልኝ አልፈልግም። ቤት ይሄዳል፣ ይመጣል። ይህን ነገር አርሚው።»

«እሱ ባለበት?»

«እሱ በሌለበት ቢሆንማ ምን አስፈራሽ!» ብለው ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

እሑድ እኔ ቤት አራት ሆንን። ቁራሹ ትልቅ ነበር። አልጣፈጠኝም።

ሰኞ ወደ ክፍል ስገባ ላርም ቆርጬ ነበር። ጠመኔውን ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ፤ ቁጥሩን መጻፍ አቃተኝ። አሥራ ስድስት ብዬ ብጽፍ ስልሳ አፍ ወደየቤቱ ይዞት የሚሄድ መሰለኝ። ገጹን ገልጬ ሜትርና ሳንቲሜትር ጀመርኩ። ማክሰኞም እንዲሁ። ጥንቃቄ ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ እያልኩ ጸለይኩ፤ እሱ የሚያውቀውን ግን እኔም አውቀው ነበር።

ቁጥሩን ዝም ብለን የምናልፈው እኔና ልጄ ብቻ ነበርን። ግቢው ውስጥ ልጆቹ ስም አውጥተውላታል።

«አሥራ ስድስት! አሥራ ስድስት! ነይ ገመድ እንዝለል!»

ይህ ስም ከአጥሩ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። ልጄ ግን ትዘላለች። ክፍል ውስጥ ብቻ እጇን አታነሳም።

ሐሙስ መጣ። ሱፐርቫይዘሩም በሰዓቱ መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ እንደ ባለፈው ወደ ኋላ አልሄደም። ቀጥ ብሎ ወደ ሰሌዳው ሄዶ አንድ አራተኛንና አንድ አሥራ ስድስተኛን ጻፈ።

«የቱ ይበልጣል?»

«አንድ አሥራ ስድስተኛ!»

ያን ያህል ጮኸው፣ ያን ያህል እርግጠኛ ሆነው መልሰውልኝ አያውቁም።

«ማን አስተማራችሁ?»

«ቲቸር!» አለ ዳቦ ያነሳው ልጅ። «አራተኛው ይበልጣል ያለችውን ልጅ ስህተት ነው ብላታለች።»

ሱፐርቫይዘሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን አራገፈ። «ጓድ መምህርት?»

መውጫ ነበረኝ። ልጆቹ ገና አልገባቸውም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ በክፍልፋይ ላይ ይህ በየዓመቱ የሚያጋጥም ነው። ማንም አይጠረጥረኝም። ልጄን አየኋት። አቀርቅራ ጠረጴዛዋን በጥፍሯ ትፍቃለች። ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ልጆቹ አልተሳሳቱም» አልኩ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያች ልጅ የመለሰችው ትክክል ነበር። ትክክሉን ስህተት ነው ብዬ ስልሳ ልጅ አሳሳትኩ።»

«ክፍልፋይ ጠፍቶብዎት ነው?»

«አልጠፋብኝም። ፈርቼ ነው።»

«ምን ፈርተው?»

ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። አትዋሺ፤ አትናገሪ። ልጄ ባለፈው ሐሙስ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ከእውነቱ መናገር የምችለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱን ተናገርኩ።

«እርስዎን።»

ፊቱ ቀላ። አንገቱን ደፋ። ማስታወሻውን ገለጠ፣ ዘጋ። ሰው እፈራዎታለሁ ብሎ በፊቱ ነግሮት የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረ።

«ተማሪዎች! መምህርታችሁ አሁን ያደረጉት ግለ ሂስ ይባላል። ስብሰባ ላይ ትልልቅ ሰዎች እናደርጋለን እያሉ የማያደርጉት እሱ ነው። አጨብጭቡላቸው።»

ስልሳ ልጅ አጨበጨበ። ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን ጭብጨባ ይወዳሉ። እኔ እንደቆምኩ ነኝ። ጭብጨባው ሳያልቅ ሱፐርቫይዘሩ ጣቱን ወደ ልጄ ዘረጋ።

«አንቺ። ተነሺ።»

ተነሳች።

«እነዚያ አሥራ ስድስቱ …» አለና አቆመ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ላይ የሰው ቤት ቆሟል። ዓይኔን ጨፈንኩ። «… አሥራ ስድስቱ ቁራሾች ተመልሰው ቢገጣጠሙ፣ ስንት ዳቦ ይሆናሉ?»

«አንድ» አለች ልጄ።

«ጎበዝ። ተቀመጪ።»

የቀረውን ሰዓት ከኋላ ተቀምጦ ሰማኝ። ዳቦ አልነበረኝም፤ ወረቀት አጣጥፈን ቀደድን። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት። ወረቀቱ ሲያንስ ልጆቹ በእጃቸው አዩት። ዳቦ ያነሳው ልጅ የመጨረሻዋን ብጣሽ ከጥፍሩ ጋር አለካክቶ፣ «እውነቷን ነው እንዴ!» አለ። ይህን ሲናገር ልጄ ሳቀች።

ሱፐርቫይዘሩ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጓድ መምህርት፣ በሚቀጥለው ምሳሌዎን በአራት ያቁሙት። አሥራ ስድስት ይበዛል» አለኝ።

«እሺ» አልኩ። ማወቁን፣ አለማወቁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ማስታወሻው ላይ ምን እንደጻፈም አላየሁም። ልብስ ሰፊዋ ቤት ማንም አልመጣም። ዓመቱ አልፎ ሌላ ዓመት መጣ፤ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ከመንገድ ይሰማ ነበር። ስለ እሱ እጸልያለሁ፤ የት እንዳለ ባላውቅም።

በዚያው ቀን የሁሉንም ደብተር ሰብስቤ ወደ ቤት ወሰድኩ። ልጆቹ የተሳሳተውን ምልክት ራሳቸው ሰርዘው ትክክሉን ጽፈው ነበር፤ እኔ ያጠፋሁትን እነሱ ናቸው የሰረዙት። እያንዳንዱን እየገለጥኩ ይቅርታ የጠየቅሁ ያህል ራይት አደረግኩ። አንዳንዱ ከመሰረዙ ብዛት ወረቀቱ ተበስቷል።

የልጄ ደብተር ላይ ስደርስ ስርዝ አጣሁ። ገጹ ንጹሕ ነው። አንድ አራተኛ ይበልጣል ይላል፤ ቀኑ ያለፈው ሐሙስ ነው። ጠራኋት።

«ይህን መቼ ጻፍሽው?»

«የዚያን ቀን።»

«ስህተት ነው ካልኩሽ በኋላ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የቆነጠጥኩት ክንዷ ላይ ያለው ምልክት ገና አልጠፋም።

«ቆጥሬው ነበር፣ እማዬ» አለች።

ወደ እኔ ሳብኳትና ክንዷን ሳምኩት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ፣ እያየችኝ፣ ራይት አደረግሁላት።